አቋራጭህን በልክ አብጅ

ልጄ፣ ተርሚናል ፊት የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ ብዙ የሚጽፍ ይመስላል እንጂ ጥቂቱን ነገር ነው የሚደጋግመው። ያው ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ያንኑ ሰርቨር ይከፍታል፣ የኮዱን ሁኔታ ያያል፣ ሎግ ይፈትሻል። አሊያስ የሚባለው የትእዛዝ አቋራጭ የመጣው ለዚህ ነው፤ «ጊት ስታተስ» እያልክ ሙሉውን ከመጻፍ በሁለት ሦስት ፊደል እንድትገላገል። ነገሩ ቀላል ስለሚመስል ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምረውም። ክፍል ውስጥ አይነሳም፤ ሥራ ስትገባም አለቃህ «እንደሚመችህ አድርገው» ብሎ ያልፈዋል። እንደሚመች ሲደረግ ግን ከዓመት በኋላ ባለቤቱም የማያውቀው የተዝረከረከ ፋይል ይሆናል፤ ብሶበትም መጥፋት የሌለበትን ነገር የሚያጠፋበት ቀን ይመጣል።

የምመክርህ ሁሉ ከአንድ እምነት የሚነሳ ነው፦ አቋራጭ ጣትህን ያሳርፍ እንጂ ማሽኑ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አይሰውርብህ። ምሳሌዎቼን ከባሽና ከዜድ ሼል አወጣለሁ፤ ሊኑክስና ማክ ላይ በብዛት የምታገኛቸው እነሱ ናቸውና።

1. መጀመሪያ የራስህን እጅ ተመልከት።

የሌላ ሰው ፋይል ገልብጠህ አትጀምር። ሼልህ የጻፍከውን እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ መነሻህ ያ መዝገብ ይሁን። ባሽ ካልነገሩት በቀር የሚያስታውሰው 500 ትእዛዝ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ይህን ወደ 1000 ከፍ አድርጎ፣ ፋይሉ ላይ ደግሞ እስከ 2000 መስመር እንዲቀመጥ አድርጎ ያቀርበዋል። ለዚህ ሥራ ሁለቱም ያንሳሉ። ቁጥሩን ወደ ብዙ ሺህ አሳድግና እንደወትሮህ ሥራ። ወር ሲሞላው የሂስትሪውን ፋይል በ«ሶርት» አሳልፈህ ለ«ዩኒክ» ስጠው፤ ዩኒክ ሰረዝ ሲ ሲጨመርለት እያንዳንዱ መስመር ስንት ጊዜ እንደተደገመ ይቆጥርልሃል። የመጨረሻውን ውጤት አሁንም በቁጥር ደርድረው።

ቆጠራው ሙሉ መስመሩን ይሁን። የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ብትቆጥር «ጊት ብዙ ጻፍክ» ከማለት ሌላ የሚነግርህ የለም፤ ያንን ደግሞ ሳትቆጥርም ታውቀዋለህ። ከዝርዝሩ አናት ላይ አጫጭሮቹን ተዋቸው፤ ሁለት ፊደል የሆነውን ማሳጠር ትርፍ የለውም። አቋራጭ የሚገባው ረጅምም ተደጋጋሚም ለሆነው፣ በተለይ ደግሞ በየጊዜው እየተሳሳትክ ደግመህ ለምትጽፈው ነው።

«ኦ ማይ ዜድ ሼል» የሚባለውን ሳታውቀው አትቀርም። ሮቢ ራስል እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ነው፤ የጊት ፕለጊኑ ብቻ ከመቶ በላይ አሊያስ ይዞ ይመጣል። መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። ግን ከመቶው ውስጥ እጅህ የሚለምደው አሥሩን ቢሆን ነው፤ የቀሩት ሳታውቃቸው ሼልህ ውስጥ ተቀምጠው በስህተት የተጻፈ ፊደል ይጠብቃሉ። አሥሩን ለይተህ በራስህ ፋይል ጻፋቸው።

2. ቦታቸው የታወቀ ይሁን።

ብዙ ጀማሪ ባሽ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል፣ በባሽአርሲ ማለቴ ነው፣ መጨረሻ ላይ አሊያሱን እየለጠፈ ይሄዳል። እዚያ ውስጥ የፓዝ መስመር አለ፣ የፕሮምፕት ቀለም አለ፣ ሶፍትዌር ስትጭን ሳይጠይቅህ የጻፈውም አለ። ለአቋራጮች ብቻ የተለየ ፋይል ክፈት። ኡቡንቱ ላይ ከሆንክ መንገዱ ተጠርጎልሃል፤ አብሮት የሚመጣው ባሽአርሲ በቤት ፎልደርህ ውስጥ «.ባሽ_አሊያስስ» የሚባል ፋይል ካገኘ ራሱ ያነበዋል። በዜድ ሼል ደግሞ ዜድኤስኤችአርሲ ውስጥ «ሶርስ» ብሎ ፋይሉን የሚጠራ አንድ መስመር ይበቃል።

ማክ ላይ ባሽ ለሚጠቀም አንድ ነገር ልጨምር፤ «አሊያሴ ጠፋ» እያሉ ከሚመጡት ልጆች የብዙዎቹ ችግር ይህ ነውና። የማክ ተርሚናል ሼሉን የሚከፍተው እንደ ሎጊን ሼል ነው፤ ሎጊን ሼል የሆነ ባሽ ደግሞ የሚያነበው ባሽ ፕሮፋይልን እንጂ ባሽአርሲን አይደለም። ባሽ ፕሮፋይል ውስጥ ባሽአርሲን ሶርስ ብታደርገው ነገሩ ያበቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ጀምሮ ዜድ ሼልን መደበኛ ስላደረገ አዲስ ማክ የያዘ ሰው ይህ አይገጥመውም፤ ዜድኤስኤችአርሲ ሼሉ ሎጊን ቢሆንም ባይሆንም ይነበባል።

ፋይሉ እየረዘመ ሲሄድ በሥራ ዓይነት ክፈለው፦ የጊቱ ለብቻ፣ የዶከሩ ለብቻ፣ የፎልደሮቹ ለብቻ። በፊደል ተራ አትደርድር። አቋራጭ የምትፈልገው ስሙ ሲጠፋብህ ነው፤ ስሙ ከጠፋህ የፊደል ተራ ምን ይሠራልሃል? ወደ ብዙ ፋይሎች ለመበተን ደግሞ አትቸኩል። አንዱ ፋይል በእውነት አልነበብ ሲል ያን ጊዜ ትለያየዋለህ።

3. ከእያንዳንዱ በላይ አንድ መስመር ማብራሪያ ጻፍ።

ምን እንደሚያደርግ ትእዛዙ ራሱ ይናገራል፤ አንተ የምትጽፈው ለምን እንዳስፈለገህ ነው። «የሙከራው ዳታቤዝ ሲጨናነቅ የተከፈቱትን ኮኔክሽኖች ለማየት» ብለህ ጻፍ። ማብራሪያ የሌለው አሊያስ ስሙ ያልተጻፈበት የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፤ ለመጣል ያሳሳል፣ ለመጠቀም ያስፈራል።

4. ስም ከማውጣትህ በፊት ስሙ ያልተያዘ መሆኑን አረጋግጥ።

ለዚህ «ታይፕ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሰረዝ ኤ ጨምረህ ያሰብከውን ስም ስጠው። ስሙ አሊያስ ይሁን፣ ፈንክሽን ይሁን፣ ዲስክ ላይ ያለ ፕሮግራም ይሁን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ያወጣልሃል። ምንም ከሌለ ስሙ ያንተ ነው።

ይህን ምርመራ የሚዘል ሰው ምን እንደሚገጥመው ላሳይህ። ለ«ጊት ስታተስ» ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጂኤስ የሚለውን ነው። ጂኤስ ግን ባለቤት አለው፦ ጎስትስክሪፕት ይባላል፤ የፖስትስክሪፕትና የፒዲኤፍ ፋይሎችን የሚያነብና የሚቀይር የቆየ ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን ብዙ ፒዲኤፍ ወደ አንድ ማጠቃለል ፈልገህ መመሪያ ላይ ያየኸውን ትእዛዝ ስትለጥፍ ጊት ተነስቶ ስለማታውቀው ነገር ይጮህብሃል፤ አንተም ጥፋቱን ከፒዲኤፉ ትፈልጋለህ። አንድ ፊደል ጨምረህ ጂኤስቲ ብትለው ይህ ሁሉ አይመጣም።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የዊንዶውስ ፓወርሼል «ከርል» እና «ደብሊውጌት» የሚሉትን ስሞች «ኢንቮክ ዌብሪኩዌስት» ለሚባለው የራሱ ትእዛዝ አሊያስ አድርጎ ሰጣቸው። ስሙ ያው፣ ጠባዩ ሌላ። ለእውነተኛው ከርል የተጻፈ ትእዛዝ ዊንዶውስ ላይ ሲለጠፍ ምልክቶቹን ሳያውቃቸው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፓወርሼል ኮር 6 ሁለቱን አሊያሶች አስወጣቸው፤ በአሮጌው ፓወርሼል 5.1 ላይ ግን አሁንም አሉ። አሊያስ አንዴ ሰው እጅ ከገባ ማስወጣቱ እንዲህ ከባድ ነው።

ስሞችህ ቤተሰብ ይኑራቸው። የጊቶቹ ሁሉ በአንድ ፊደል ይጀምሩ፣ የዶከሮቹ በሌላ። ሥርዓቱ ምን እንደሆነ አስፈላጊ አይደለም፤ ሥርዓት መኖሩ ነው ቁም ነገሩ። አንድ ፊደል ብቻ የሆነ ስም ደግሞ በቀን ውስጥ ከሁሉ በላይ ለምትጠቀምበት አንድ ወይም ሁለት ትእዛዝ አስቀምጠው። የኩበርኔቲስ ሰዎች ኩብሲቲኤልን በኬ ብቻ ይጠሩታል፤ ይገባቸዋል፣ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ነው የሚጽፉት።

5. ያለውን ትእዛዝ በራሱ ስም አትለውጠው።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ከሁሉ የምፈራልህ ይህን ነው።

ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ አርኤም ነው። ተርሚናል ላይ ቅርጫት የሚባል ነገር የለም፤ አርኤም ያጠፋው ጠፋ። ይህን የፈራ ሰው አርኤምን ራሱን «አርኤም ሰረዝ አይ» ብሎ አሊያስ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፋይል ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቀዋል። ሬድ ሃት ሊኑክስም ለሩት ተጠቃሚ ይህንኑ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ጥንቃቄ ይመስላል፤ እኔ ግን ጥንቃቄ አልለውም።

አንደኛ፣ እጅህ «ይጠይቀኛል» ብሎ ይለምዳል። መጠየቁን ተማምነህ ደፈር ብለህ መጻፍ ትጀምራለህ። አሊያሱ በሌለበት ማሽን ላይ ያንኑ በድፍረት ስትጽፍ ማንም አይጠይቅህም። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ለማጥፋት ሰረዝ አርኤፍ ትጨምርበታለህ። አሊያሱ ሲፈታ መጀመሪያ «ጠይቅ» የሚለው፣ ቀጥሎ «አትጠይቅ» የሚለው ምልክት አንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ አርኤም ደግሞ የሚሰማው ኋላ የመጣውን ነው። ስለዚህ ጠባቂው የሚጠፋው ጥፋቱ ትልቅ በሚሆንበት በዚያው ሰዓት ነው። ትንንሹን ፋይል ሲያጠፋ እየጠየቀ ያሰለችሃል፤ ሙሉ ፎልደሩ ሲሄድ ዝም ይላል።

መጠበቂያ ከፈለግህ አዲስ ስም ስጠው። ፋይሉን ወደ አንድ ማቆያ ፎልደር የሚወስድ ፈንክሽን ጻፍና «ጣል» በለው፤ አርኤም አርኤም እንደሆነ ይቅር። «ጣል» በሌለበት ማሽን ላይ ብትጽፈው ሼሉ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም» ይልሃል፤ የጠፋ ነገር አይኖርም።

ኤልኤስንና ግሬፕን ቀለም እንዲያወጡ ማድረግ ከዚህ አይቆጠርም። ኡቡንቱ ራሱ ያደርገዋል፤ መልክ ይለውጣል እንጂ ሥራውን አይለውጥም። አሊያስ የሆነን ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ እንደተፈጥሮው ልትጠራው ከፈለግህ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባክስላሽ አድርግ፤ አሊያሱን ዘሎ ይሄዳል።

6. አደገኛውን ትእዛዝ አታሳጥር።

ርዝመት ራሱ ጥበቃ ነው። ዳታቤዝ የሚያጠፋ፣ ሰው እየተጠቀመበት ያለውን ሰርቨር የሚያስነሳ፣ በባልደረባህ ኮድ ላይ በግድ የሚደርብ ትእዛዝ በሁለት ፊደል መጠራት የለበትም። ሙሉውን ስትጽፍ የምታጠፋቸው ሰከንዶች የምታስብባቸው ሰከንዶች ናቸው።

በጊት በግድ ፑሽ ማድረግ የግድ ከሆነብህ «ፎርስ ዊዝ ሊስ» የሚለውን ምልክት ልመድ፤ አንተ ሳታየው ሌላ ሰው ሰርቨሩ ላይ የጨመረው ነገር ካለ እምቢ ይልሃል። ለመሰረዝ የሚሆን አቋራጭ ካስፈለገህ ደግሞ የሚጠይቅ ፈንክሽን አድርገው፤ ጥያቄውም «አዎ ወይስ አይ» አይሁን። «አዎ» ማለት እጅ ይለምደዋል። ጊትሀብ አንድ ሪፖዚተሪ ከመሰረዝህ በፊት ስሙን ሙሉ በሙሉ እንድትጽፍ ያስገድድሃል፤ ያንን ውሰድ። የምታጠፋውን ነገር ስም በእጅህ ስትጽፍ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ መሆንህን ዓይንህ ያየዋል።

7. የአሊያስን ወሰን እወቅ፤ ከዚያ ያለፈውን ለፈንክሽን ስጥ።

አሊያስን ያመጣው ቢል ጆይ በበርክሌይ የሠራው ሲ ሼል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ። እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ቨርዥን 7 ጋር የወጣው የስቲቨን ቦርን ሼል አሊያስ አልነበረውም። በሲ ሼል አሊያስ ከኋላው የሚጻፉትን ቃላት ተቀብሎ በፈለገው ቦታ ማስገባት ይችል ነበር። ብራያን ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ባሽ አሊያስን ቢይዝም ይህን አልሰጠውም፤ የባሽ አሊያስ አንዱን ጽሑፍ በሌላ ጽሑፍ ተክቶ ያቆማል። የባሽ መመሪያ ራሱ ለአብዛኛው ጉዳይ ፈንክሽን እንደሚሻል ይናገራል፤ እኔም እስማማለሁ። አሊያስ መጨረሻው የሚታወቅ አንድ መስመር ሲሆን ጥሩ ነው። ቃል መቀበል፣ ማረጋገጥ፣ ሁለት እርምጃ ማስከተል ካስፈለገ ፈንክሽን ጻፍ።

በጥቅስ ምልክት ተጠንቀቅ። ፕሮጀክትህ ውስጥ ሎግስ ወደሚባለው ፎልደር የሚያስገባ አሊያስ ጻፍክ እንበል፤ አሁን ያለህበትን ፎልደር ለመጥራት የዶላር ምልክትና ፒደብሊውዲ ተጠቀምክ። በድርብ ጥቅስ ካስቀመጥከው ሼሉ ገና ፋይሉን ሲያነብ ይፈታዋል፤ ተርሚናሉ ሲከፈት የነበርክበት ቦታ እዚያው ተቀርጾ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የትም ሆነህ ብትጠራው ወደዚያው ቦታ ይወስድሃል። በነጠላ ጥቅስ ካስቀመጥከው ግን በጠራኸው ሰዓት ይፈታል፤ ያለህበትን ያውቃል። ሌላ ያሰብከው ከሌለ ሁልጊዜ ነጠላውን ያዝ።

ለፈንክሽን አንድ ጥሩ ምሳሌ ልስጥህ፤ ለኛ አገር ሰው ይጠቅማል። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ሰዓት ነው የሚመዘግቡት፤ አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ደንበኛህ ደግሞ ስልክ ደውሎ የሚነግርህ በሐበሻ አቆጣጠር ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሲስተሙ ቆመ» ሲልህ ሎጉ ላይ የምትፈልገው 11:00ን ነው። «ሰዓት» የሚባል ባለ ሁለት መስመር ፈንክሽን ጻፍ፤ አንደኛው መስመር «ዴት»ን በሰረዝ ዩ ጠርቶ ዩቲሲን ያሳያል፣ ሁለተኛው ቲዜድ የሚባለውን ተለዋዋጭ ለዚያች መስመር ብቻ አፍሪካ/አዲስ_አበባ አድርጎ «ዴት»ን ይደግማል። ሌሊት ተቀስቅሰህ ሎግ ስታነብ በጣትህ ከመቁጠር ያድንሃል።

8. በግዕዝ ፊደልም አቋራጭ መጻፍ ይቻላል።

ሪፖርት በአማርኛ ስትጽፍ ቆይተህ ኪቦርዱን ሳትቀይር ወደ ተርሚናል ትመለሳለህ። በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ ኤልና ኤስ ስትጽፍ «ልስ» ይወጣል፤ ሲና ዲ ስትጽፍ «ችድ» ይወጣል፤ ጊትን ስትጽፍ ደግሞ ቁልጭ ያለ «ጊት»። ሼሉ አላውቀውም ይልሃል፣ ትሰርዛለህ፣ ኪቦርድ ትቀይራለህ፣ እንደገና ትጽፋለህ። ባሽም ዜድ ሼልም ዩቲኤፍ-8 በሆነ ተርሚናል ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአሊያስ ስም ይቀበላሉ። «ልስ»ን ለኤልኤስ፣ «ጊት»ን ለጊት አሊያስ አድርግ። ኪቦርድህ ሌላ ዓይነት ከሆነ ምን እንደሚያወጣ አይተህ ያንኑ ውሰድ። ከኋላ የሚከተሉት ቃላትና ምልክቶች አሁንም ላቲን ስለሚፈልጉ ሁሉን ችግር አይፈታም፤ ግን በራስህ ፊደል የጻፍከውን ማሽኑ ሲታዘዝ ማየት ደስ ይላል፤ ይህን ደስታ ለማንም አልደብቅም።

9. ሁሉም አቋራጭ ሼል ውስጥ አይቀመጥም።

የሰርቨር አድራሻ ለማሳጠር አሊያስ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው። ያ ቦታው የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይል ነው። እዚያ አንዴ ስም፣ አድራሻ፣ ተጠቃሚና ቁልፍ ካስቀመጥክ ኤስኤስኤች ብቻ ሳይሆን ፋይል የሚያመላልሱት ኤስሲፒና አርሲንክ፣ ጊትም ጭምር ስሙን ያውቁታል። አሊያስ ግን የሚያገለግለው የጻፍክበትን ብቻ ነው። የጊትም አቋራጮች እንዲሁ በጊት ኮንፊግ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ሼል ብትቀይር አብረውህ ይሄዳሉ። ቡድኑ በሙሉ የሚጠቀምበት ትእዛዝ ከሆነ ደግሞ አንተ ጋ መቀመጥ የለበትም። ፕሮጀክቱ ውስጥ በሜክፋይል ወይም በስክሪፕት ጻፈው፤ ነገ የሚቀጠረው ልጅ ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

10. አሊያስህ የማይከተልህ ቦታ አለ።

ባሽ ስክሪፕት ሲያስኬድ አሊያስ አይፈታም። በክሮን የሚሄድ ሥራም እንዲሁ። ከሱዶ ቀጥሎ የጻፍከው አሊያስም አይፈታም፤ ሱዶን ራሱን «ሱዶ» ብለህ ከኋላው አንድ ክፍት ቦታ ትተህ አሊያስ ካላደረግኸው በቀር። ያቺ ክፍት ቦታ ለባሽ «ቀጣዩንም ቃል እይ» የምትል ምልክት ናት። ኤስኤስኤች አድርገህ የገባህበት ሰርቨር ደግሞ ስለ ፋይልህ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለዚህ ስክሪፕት ውስጥ፣ ለባልደረባ በምትልከው መልእክት ውስጥ፣ በመመሪያ ውስጥ ሙሉውን ትእዛዝ ጻፍ። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት የሰርቨር አካውንት ላይ የራስህን አሊያስ አትተክል፤ ከአንተ በኋላ የሚገባው ሰው በማያውቀው ነገር ይሰናከላል።

11. ሚስጥር አታስገባበት፤ ቀሪውን ግን በጊት ያዘው።

ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ዲስክ ይበላሻል። የአቋራጭ ፋይሎችህን በጊት ሪፖዚተሪ አስቀምጣቸው፤ አዲስ ማሽን ላይ ግኑ ስቶው በሚባለው መሣሪያ ሊንክ እያደረግህ በደቂቃዎች ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ነገር ግን የይለፍ ቃል፣ የኤፒአይ ቁልፍ፣ የድርጅትህን የውስጥ አድራሻ ጨርሶ አታስገባ። «ሪፖዚተሪው የግሌ ነው» አትበል፤ ነገ ለሰው ላሳይ ብለህ ትከፍተዋለህ። መስመሩን ብትሰርዘውም በጊት ታሪክ ውስጥ ይኖራል። አንዴ ከወጣ ቁልፉን መቀየር ነው እንጂ መሰረዝ መፍትሄ አይሆንም።

12. በየጊዜው አራግፍ።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብብ። ለእያንዳንዱ አሊያስ፣ ሳታየው ሙሉ ትእዛዙን መጻፍ ትችል እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ካልቻልክ ለጥቂት ቀን አሊያሱን በ«አንአሊያስ» አንሳና ሙሉውን እየጻፍክ ሥራ። ይህ ለኔ ትልቁ መለኪያ ነው። የሰው ማሽን ላይ፣ ፈተና ላይ፣ ሌሊት በወደቀ ሰርቨር ላይ አቋራጭህ አይገኝም፤ የሚገኘው የምታውቀው ብቻ ነው።

«ፊሽ» የሚባለው ሼል ለዚህ ያበጀውን መንገድ እወድለታለሁ። አብሪቪየሽን ይለዋል፤ አጭሩን ጽፈህ ስፔስ ስትጫን ዓይንህ እያየ ወደ ሙሉው ትእዛዝ ይለወጣል። ከመላክህ በፊት ታነበዋለህ፣ ሂስትሪውም ላይ የሚቀመጠው ሙሉው ነው። አቋራጩንም እውቀቱንም አንድ ላይ ይሰጥሃል። ሼል ለመምረጥ ገና ነፃ ከሆንክ ሞክረው።

በል፣ ዛሬ ሥራህ ይኸው ይሁን፦ የሂስትሪህን ቁጥር አሳድግ፣ የተለየውን ፋይል ክፈት፣ አርኤም ላይ የለጠፍከው አሊያስ ካለ አንሳው። ሌላው ወር ይጠብቃል። ፋይልህ መልክ ሲይዝ ለኔም ላክልኝ፤ የማላውቀው ጥሩ አቋራጭ ካገኘሁበት እወስዳለሁ።